ምዕራፍ ስድስት፦ ያልተነካው ቅጂ

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዲስትሪቢውሽን በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ስንጭን የሚወርድልን ተጠናቅሮ ያለቀለት ባይነሪ ነው። ፕሮግራሙ ከሠራ በቃ፤ ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። በዚያው ተርሚናል ላይ «አፕት ሶርስ ሄሎ» ብሎ የሚያዝ ሰው ግን ሌላ ነገር ይደርሰዋል። ሄሎ የጂኤንዩ ፕሮጀክት ለማስተማሪያነት የሚያዘጋጃት፣ ስትከፈት ሰላምታ አቅርባ የምትዘጋ ትንሽ ፕሮግራም ናት። የእሷም ሶርስ ኮድ ቢሆን በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ አይመጣም። ቢያንስ ሦስት ፋይሎች ተከታትለው ይወርዳሉ።

የመጀመሪያው ስሙ ውስጥ «ኦሪግ» የሚል ቃል ያለበት ታርቦል ነው፤ ታርቦል ብዙ ፋይሎች አንድ ላይ ታስረው የተጨመቁበት ማኅደር ነው። በውስጡ ያለው የሄሎ ደራሲዎች ራሳቸው ያወጡት ኮድ ነው፤ ዴቢያን አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጨመረበትም። ሁለተኛው የዴቢያን ሰዎች የጨመሩት ብቻ የተቀመጠበት ሌላ ታርቦል ነው፦ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጠናቀር የሚያዝዘው «ሩልስ»፣ ከሶርሱ ምን ዓይነት ፓኬጅ እንደሚወጣ የሚናገረው «ኮንትሮል»፣ መቼ ምን እንደተለወጠ የተጻፈበት «ቼንጅሎግ»፣ የፋይሎቹ ፈቃድ የተዘረዘረበት «ኮፒራይት»። ሦስተኛው፣ ዲኤስሲ የሚባለው፣ በጣም አጭር ጽሑፍ ነው። የሁለቱን ታርቦሎች ስም፣ መጠንና የሻ-256 አሻራ ይይዛል፤ ፓኬጁን ያሰናዳው ሰው ደግሞ በዲጂታል ፊርማው ያጸድቀዋል። ከታርቦሎቹ አንዲት ባይት ብትቀየር አሻራው አይገጥምም።

የስሪት ቁጥሩም ይህንኑ ክፍፍል ይናገራል። «2.10-3» ሲባል ከሰረዟ በፊት ያለው የደራሲዎቹ ቁጥር ነው፤ ከሰረዟ በኋላ ያለው 3 ዴቢያን በዚያው ኮድ ላይ የሠራውን ዝግጅት ተራ ቁጥር ይነግረናል።

ይህን ሁሉ ለያይቶ ማስቀመጥ የባለሙያዎች የሥርዓት ፍቅር ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የሶርስ ፓኬጅ ቅርጽ በዋናነት ለሕግ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን መስመር የጻፈው ማን ነው? እኔ ለሌላ ሰው ላካፍለው መብት አለኝ? ብለውጠውስ? መልሱ የሚነበበው ከፋይሎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። አቀማመጡ ከተደበላለቀ መልሱን ፈልጎ ማግኘት ለጠበቃም ለፕሮግራመርም ጭንቅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ነፃ ሶፍትዌር ከሚሠራጭበት ከጂፒኤል ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውና የሊኑክስ ከርነል እስከ ዛሬ የሚተዳደርበት ሁለተኛው እትም፣ ባይነሪ የሚያሠራጭ ሁሉ ሶርስ ኮዱንም እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሶርስ ኮድ ማለት ምን ማለት እንደሆነም ሳይተረጉም አልተወውም፤ ፕሮግራሙን ለማሻሻል ተመራጭ የሆነው ቅርጽ ነው ይላል፣ የማጠናቀሪያና የመጫኛ ስክሪፕቶቹንም ይጨምርበታል። የተለዋዋጮቹን ስም ሁሉ ትርጉም በሌለው ፊደል ተክቶ፣ ማብራሪያዎቹን ገፎ ኮዱን የሚሰጥ ሰው ግዴታውን አልተወጣም። ኮዱን ሰጥቶ የማጠናቀሪያውን መንገድ የሚደብቅም እንዲሁ። «ሩልስ» የሚባለው ፋይል ከሶርሱ ጋር አብሮ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ያለ እሱ የተሰጠው ሶርስ ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው ሥር ዴቢያን ራሱ ያወጣው ሕግ ነው። ኢያን መርዶክ በ1993 የመሠረተው ይህ ፕሮጀክት በ1997 የነፃ ሶፍትዌር መመሪያውን አጸደቀ። በብሩስ ፔረንስ መሪነት የተረቀቀው ይህ ሰነድ በማግስቱ ዓመት ለኦፕን ሶርስ ትርጓሜ መሠረት ሆኗል። ከዐሥሩ ነጥቦቹ አራተኛው በግልጽ ስምምነት ለመፍጠር የገባ ነው። አንድ ደራሲ የተለወጠ ሙሉ ኮዱ እንዲሠራጭ ባይፈልግ፣ ማሻሻያው በፓች መልክ፣ ማለትም ለውጡ ብቻ በተጻፈበት ፋይል፣ ከዋናው ጎን እንዲሠራጭና ከሁለቱ የተጠናቀረው ባይነሪ እንዲሰጥ እስከፈቀደ ድረስ፣ ፈቃዱ ነፃ ተብሎ ይቆጠራል። ሥራው ሲለወጥ ስሙም እንዲለወጥ መጠየቅ ይችላል።

ይህ አንቀጽ በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። ሳይንቲስቶች ግራፍ የሚሥሉበት ግኑፕሎት የተባለው ፕሮግራም ፈቃዱ ልክ እንዲህ ነው፤ ለውጥ ይፈቀዳል፣ የተለወጠው ግን ከወጣው ቅጂ ጋር በፓች መልክ ይሠራጭ ይላል። ዋናውና ፓቹ ተለይተው የሚቀመጡበት የዴቢያን ቅርጽ ለእንዲህ ያለ ፈቃድ ልክ በልኩ የተሰፋ ነው፤ ግኑፕሎትም ነፃ ሶፍትዌር ብቻ በሚቀመጥበት በዴቢያን ዋና ክፍል ውስጥ ይገኛል። ፈቃዱ ከዚህ ሲጠብቅ የሚሆነውን ደግሞ ኪውሜይል አሳይቶናል። ዳንኤል በርንስታይን የጻፈው ይህ የኢሜይል ሰርቨር የተለወጠ ባይነሪ እንዲሠራጭ አይፈቅድም ነበር። ዴቢያን መፍትሔ ያደረገው ነፃ ባልሆነው ክፍል ውስጥ ሶርሱን ብቻ ማስቀመጥ ነበር፤ የፈለገ ሰው አውርዶ በራሱ ማሽን ላይ ያጠናቅራል። በርንስታይን በ2007 ሥራውን ለሕዝብ እስከለቀቀበት ጊዜ ድረስ ሁኔታው ይኸው ነበር።

ወደ ቅርጹ እንመለስና፣ አሮጌው የዴቢያን አቀማመጥ፣ 1.0 የሚባለው፣ አንድ ከባድ ድክመት ነበረበት። የዴቢያን ለውጥ ሁሉ በአንድ «ዲፍ» ፋይል ውስጥ ይከማች ነበር። የደኅንነት ጥገናው፣ የፊደል እርማቱ፣ ከሌላ ሰው የተወሰደው ማሻሻያ፣ የማጠናቀሪያው መመሪያ ሁሉ በአንድ ጅረት ይፈሳል። ምስልና አይከን የመሰለ ባይነሪ ፋይል በዲፍ ውስጥ አይገባም፤ መጨመቂያውም ጂዚፕ ብቻ ነበር። ከሁሉም የሚከፋው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያን ፋይል የሚከፍት ሰው የትኛው መስመር ከየት እንደመጣ መለየት አለመቻሉ ነው። አንድ ለውጥ ከሌላ ፕሮጀክት ተቀድቶ ከሆነ የዚያ ፕሮጀክት ፈቃድ አብሮት ይመጣል። ምንጩ ካልታወቀ ፈቃዱም አይታወቅም።

የዴቢያን ማኅደር ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ የሚቀበለው «3.0 ክዊልት» የተባለው ቅርጽ ይህን ፈታው። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ፋይል አለው፤ «ሲሪስ» የሚባል ዝርዝር ቅደም ተከተላቸውን ይነግራል። በእያንዳንዱ ፓች ራስጌ ላይ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንዳስፈለገ፣ ከየት እንደተወሰደ፣ ለዋናዎቹ ደራሲዎች ተልኮ እንደሆነና እንዳልሆነ መጻፍ ይቻላል። ኦሪጉ ከአንድ በላይ ታርቦል ሊሆን ይችላል፤ የደራሲዎቹ የራሳቸው ፊርማም አብሮ ሊቀመጥ ይችላል። በእኔ እይታ ከዴቢያን የቴክኒክ ውሳኔዎች ሁሉ ተጠቃሚው ሳያየው ብዙ የጠቀመው ይህ ነው።

በሌሎቹ ዲስትሪቢውሽኖች፣ በሬድ ሃትና በፌዶራ ሰፈር ያለው የሶርስ አርፒኤምም በመሠረቱ የሚለይ አይደለም። በአንድ ማኅደር ውስጥ ዋናው ታርቦል፣ ፓቾቹና «ስፔክ» የሚባለው የማጠናቀሪያ መመሪያ ይቀመጣሉ፤ ፈቃዱም በስፔኩ ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፋል። ቅርጹ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በደንብ የታየው ግን እዚያው ነው። ሬድ ሃት የኢንተርፕራይዝ ሊኑክሱን ስድስተኛ እትም ሲያወጣ የከርነሉን ፓቾች ለየብቻ ማስቀመጡን ትቶ፣ ሁሉንም አስቀድሞ በታርቦሉ ላይ ቀላቅሎ አንድ ትልቅ ኮድ አደረገው። ጉዳዩ በ2011 ሲነሳ ኩባንያው ምክንያቱን አልሸሸገም፤ የእሱኑ ምርት ይዘው ለደንበኞቹ ድጋፍ የሚሸጡ ተፎካካሪዎችን ሥራ ለማክበድ ነው አለ። ጂፒኤልን ጥሷል? ኮዱ ሙሉ ነው፣ ይጠናቀራል፣ ማንም ሊያሻሽለው ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ጥሰት አላለውም። ግን ኩባንያው ራሱ በውስጥ የሚሠራው ተለያይተው በተቀመጡ ፓቾች ከሆነ፣ ለማሻሻል ተመራጭ የሆነው ቅርጽ የትኛው ነው? ሕጉ እዚህ ላይ ዝም ቢልም፣ እኔ ግን እነዚያን ፓቾች ማዋሃድ ለማኅበረሰቡ ኪሳራ ነበር ከማለት ወደኋላ አልልም። አንድ የከርነል ፕሮግራመር አንዱን ጥገና ከሺህ ለውጥ መካከል ለቅሞ ማውጣት ሲሳነው፣ የፈቃዱ ፊደል ተከብሮም ዓላማው ይጎዳል።

እስካሁን ኦሪጉ አይነካም ብያለሁ። የሚነካበት ጊዜም አለ።

የደራሲዎቹ ታርቦል ውስጥ ዴቢያን ሊያሠራጨው የማይችለው ፋይል ቢገኝ ምን ይደረጋል? ብዙ ጀማሪዎች የሚያስቡት መፍትሔ ፋይሉን የሚሰርዝ ፓች መጨመር ነው። ይህ አይሠራም። የሶርስ ፓኬጁ ራሱ ከመላው ዓለም ሰርቨሮች ላይ የሚሠራጭ ነገር ነው፤ ኦሪጉ ውስጥ ፋይሉ እስካለ ድረስ ፓቹ የሚሰርዘው ከተጠቃሚው ማሽን ላይ እንጂ ከሥርጭቱ አይደለም። ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ሰርዞ፣ ያልተሰረዘውን ቅጂ በዚያው ፖስታ ውስጥ እንደማሸግ ነው። ያለው መንገድ ታርቦሉን ከፍቶ፣ ፋይሉን አውጥቶ፣ እንደገና ማሰር ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ኦሪጉ ኦሪግ መሆኑ ይቀራል፤ ከደራሲዎቹ አሻራና ፊርማ ጋርም አይገጥምም። ዴቢያን ይህን በይፋ ያሳውቃል። በስሪት ቁጥሩ ላይ የመመሪያው ምኅጻረ ቃል፣ «ዲኤፍኤስጂ»፣ በመደመር ምልክት ይቀጠላል። ያንን ምልክት የሚያይ ሰው ይህ ታርቦል በፈቃድ ምክንያት ተነክቷል ብሎ ያውቃል። የወጡት ፋይሎች ስም በ«ኮፒራይት» ፋይል ውስጥ ይመዘገባል፤ አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር አንድ መሣሪያ ያንን ዝርዝር አንብቦ ራሱ ያወጣቸዋል። ምን እንደተወሰደና ለምን እንደተወሰደ ለሁሉም ይታያል።

ምን ዓይነት ፋይሎች ናቸው የሚወጡት? አንዳንዴ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው። የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚጻፉባቸው አርኤፍሲ ሰነዶች ማንም በነፃ ያነባቸዋል፣ ይቀዳቸዋል፤ እንዲለወጡ ግን አይፈቀድም። ፕሮግራመሮች ለማጣቀሻ ብለው ከኮዳቸው ጎን ያስቀምጧቸዋል፣ ዴቢያን ደግሞ ያወጣቸዋል። አንዳንዴ ግን ጉዳዩ ማሽን የሚያቆም ነው። የሊኑክስ ከርነል ለረጅም ጊዜ ሶርሳቸው ያልተሰጠ ፈርምዌሮችን በውስጡ ይዞ ነበር፤ የዋይፋይ ካርድና የዲስክ መቆጣጠሪያ ሥራ የሚጀምሩባቸው ናቸው። ዴቢያን በ2011 ስድስተኛ እትሙን ሲያወጣ ከርነሉን ከእነዚህ አጽድቶ ነበር። ዋጋውን የከፈለው ተጠቃሚው ነው። ዋይፋዩን ለማስነሳት ፈርምዌር ያስፈልገዋል፣ ፈርምዌሩን ለማውረድ ደግሞ ዋይፋይ። ኬብል በሌለበት ቤት ይህ ክብ መውጫ የለውም። ፕሮጀክቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ከተከራከረ በኋላ አባላቱ በ2022 ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌር በመጫኛው ዲስክ ውስጥ እንዲገባ ወሰኑ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይዞት መጣ። ልብ በሉ፣ ያኔም ቢሆን ከነፃው ክፍል ጋር አልተቀላቀለም። የራሱ ስም ያለው የተለየ ክፍል ተከፈተለት። እኔ ውሳኔውን ትክክል ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም ሰውን ሳያስቸግር ድንበሩን አስከብሯል።

ፌዶራ ደግሞ በፓተንት ፍርሃት ተመሳሳይ ነገር ሠርቷል። የኢንተርኔትን ግንኙነት የሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ ያለው የኤሊፕቲክ ከርቭ ኮድ በቅጂ መብት በኩል ነፃ ነበር፤ ጥያቄው የፓተንት ነበር። ለዓመታት የፌዶራ የሶርስ ፓኬጅ ያንን ኮድ የሚያወጣ ስክሪፕት ነበረው፤ ታርቦሉም ያ ክፍል ከወጣለት በኋላ የታሰረ ነበር።

አሁን «ኮፒራይት» ወደሚባለው ፋይል እንምጣ፤ ብዙ ድካም ያለበት እዚህ ነው። አንድ ፓኬጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዴቢያን ሲላክ በቀጥታ አይገባም። «ኒው» በሚባል ወረፋ ላይ ይቆማል፤ ኤፍቲፒ ማስተር የሚባሉ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከፍተው ያዩታል። የሚመለከቱት በዋናነት ፈቃዱን ነው። በአንድ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ዋናው ኮድ በጂፒኤል ሆኖ፣ አንድ ፎልደር ከሌላ ቦታ የመጣና በኤምአይቲ ፈቃድ፣ ሌላው በአፓቺ፣ አንዱ አይከን ደግሞ ባለቤቱ የማይታወቅ ሊሆን ይችላል። የፓኬጁ አዘጋጅ ይህን ሁሉ ፋይል በፋይል መርምሮ መጻፍ አለበት። ከ2012 ጀምሮ ፋይሉ ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል ወጥ ቅርጽ እንዲጻፍ የሚያስችል መለኪያ በዴቢያን ደንብ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ ፎልደር የእገሌ ነው፣ ፈቃዱ ይህ ነው እያለ ይዘረዝራል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ማንም አያመሰግንበትም። ይሁን እንጂ አንድ ድርጅት ወይም መሥሪያ ቤት ዴቢያንን ወስዶ በገዛ ምርቱ ውስጥ ያለ ስጋት የሚጠቀመው እነዚህ ሰዎች ቀድመው ስላነበቡለት ነው።

አንድ ፈቃድ ነፃ መሆኑን ለመመዘን የዴቢያን ሰዎች በምናብ የሚጠቀሙባቸው ፈተናዎች አሉ። አንዱ በበረሃ ደሴት ላይ ብቻውን የቀረ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ኮምፒውተር ያለውን ሰው ያስባል። ፈቃዱ ማንኛውንም ለውጥ ለደራሲው እንዲልክ ካስገደደው፣ ያ ሰው ሕግ ሳይጥስ ፕሮግራሙን ማሻሻል አይችልም፤ ስለዚህ ፈቃዱ ይወድቃል። ሌላው በጨቋኝ መንግሥት ሥር ያለ ተቃዋሚን ያስባል። ያሻሻለውን ፕሮግራም ማንነቱን ሳይገልጥ ለጓዶቹ ማካፈል ካልቻለ ፈቃዱ ነፃ አይደለም።

በእነዚህ ሚዛኖች ላይ የቀለሉት ሁሉ ክፉ ፈቃዶች አይደሉም። የጄሶን የዳታ ቅርጽ አባት ዳግላስ ክሮክፎርድ በኮዱ ፈቃድ ላይ ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ እንዳይውል የሚል ቃል አስገባ። ማን ይቃወመዋል? ዴቢያን ተቃወመው፤ ስድስተኛው የመመሪያው ነጥብ ማንም ለየትኛውም ሥራ እንዳይጠቀም መከልከል አይቻልም ይላልና። ክፉን ከበጎ የሚለየው ዳኛ ማን እንደሆነም ፈቃዱ አልተናገረም። ያ ኮድ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ስለነበረ ዲስትሪቢውሽኖቹ አውጥተው በሌላ ተኩት፤ በ2015 የወጣው ፒኤችፒ 7 ራሱም ሌላ ኮድ ይዞ መጣ። የነፃ ሶፍትዌር እናት የሆነው የጂኤንዩ ፕሮጀክትም ከዚህ አልተረፈም። ኢማክስ የተባለው የጂኤንዩ የጽሑፍ ማዘጋጃ መመሪያ መጽሐፍ ሊለወጡ የማይችሉ ክፍሎች አሉት፤ የዴቢያን አባላት በ2006 በሰጡት ድምፅ መሠረት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ያሉባቸው የጂኤንዩ ሰነዶች ከዋናው ክፍል ውጭ ናቸው። ኢማክስን የጫነ ሰው መመሪያውን ለማንበብ ነፃ ያልሆነውን ክፍል መክፈት አለበት። ይህ ለተጠቃሚው የሚያሳዝን ነው፤ ፕሮጀክቱ ግን ለገዛ ወዳጁም ቢሆን ደንቡን አላላላም።

ከቅጂ መብት ሌላ የንግድ ምልክት አለ። በ2006 በፋየርፎክስ ላይ የሆነው ይህ ነው። ኮዱ ነፃ ነበር፤ አርማው ግን ነፃ ባልሆነ ፈቃድ የተያዘ ስለነበረ ዴቢያን አርማውን አውጥቶ ስሙን ብቻ ይጠቀም ነበር። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ስምና አርማ አብረው ይሁኑ፣ ፓቾቹንም እኔ ልያቸው አለ። ዴቢያን ስሙን ትቶ «አይስዊዝል» ብሎ ሰየመው፤ እስከ 2016 ድረስ የዴቢያን ተጠቃሚ ፋየርፎክስን የሚያውቀው በዚህ ስም ነበር። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

ስም የመጠበቅ ጉዳይ በእኛ ፊደልም ላይ አለ። ዴቢያን ላይ ግዕዝ ፊደልን ከሚያሳዩት ፎንቶች አንዱ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነው፤ በዋናው ክፍል ውስጥ ከነሶርስ ፓኬጁ ይገኛል። ፈቃዱ በ2007 በወጣው ስሪቱ የሚሠራው የኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው። ከገደቦቹ ሁለቱን እንመልከት። ፎንቱ ለብቻው አይሸጥም፤ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ተካቶ ግን ይሸጣል፣ የዴቢያን መመሪያ የመጀመሪያ ነጥብ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው፣ «አቢሲኒካ» የሚለው ስም የተጠበቀ ነው። የ«ሐ»ን እግር ላሳጥር ወይም የ«ኘ»ን የራስ ሰረዝ ላስረዝም የሚል የፊደል ቀራጭ ይችላል፣ ሥራውንም በዚያው ፈቃድ ማሠራጨት ይችላል፤ የተለየ ስም እስካወጣለት ድረስ። ይህም የመመሪያው አራተኛ ነጥብ የፈቀደው ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ ደራሲው የተፈቀደውን ያልጻፈበት የአማርኛ ፎንት ግን የቱንም ያህል ቢያምር ዴቢያን ውስጥ አይገባም። የቅጂ መብት ሕግ ዝምታን እንደ ፈቃድ አይቆጥርም። ፎንት ሠርተው ለወገን በነፃ የለቀቁ ኢትዮጵያውያን አንዲት የፈቃድ ገጽ ቢጨምሩበት፣ ሥራቸው በየዲስትሪቢውሽኑ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ላለ አንባቢ ይደርሳል።

ባይነሪ መስጠት አጠራጣሪ ሲሆን ሶርስ መስጠት መውጫ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት በሲዲዲኤል ፈቃድ የተያዘ ነው፤ ሲዲዲኤልና ጂፒኤል በአንድ ባይነሪ ውስጥ አብረው መኖር አይችሉም የሚለው አስተያየት ጠንካራ ነው። ዴቢያን ከ2016 ጀምሮ ዜድኤፍኤስን የሚሰጠው በሶርስ መልክ ነው፤ የተጠቃሚው ማሽን ራሱ ከከርነሉ ጋር ያጠናቅረዋል። በዚያው ዓመት ከዴቢያን የወጣው ኡቡንቱ ተጠናቅሮ ያለቀውን ለመስጠት ወሰነ፤ ሁለት ዘመዳሞች አንድን ፈቃድ አንብበው ለየብቻ ወጡ። ጄንቱ የተባለው ዲስትሪቢውሽን ደግሞ ገና ከጅምሩ ሁሉም በተጠቃሚው ማሽን ላይ የሚጠናቀርበት ስለሆነ የፈቃዱን ገደብ በፓኬጁ መመሪያ ውስጥ እንደ ትእዛዝ ይጽፈዋል፤ ይህ በእኛ ሰርቨሮች ላይ አይቀመጥ፣ ያኛውን ተጠቃሚው ራሱ ሄዶ ያውርድ እያለ።

በ2023 ሬድ ሃት የኢንተርፕራይዝ ሊኑክሱን ሶርስ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማስቀመጡን አቆመ፤ ለሕዝብ የሚቀረው የቀጣዩ እትም መነሻ የሆነው የሴንትኦኤስ ስትሪም ብቻ ሆነ፣ ሙሉው ለደንበኞች። ብዙ ሰው ጂፒኤል ተጣሰ ብሎ ጮኸ። ጂፒኤል ግን ሶርስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ባይነሪውን ለተቀበለ ሰው ነው፤ ለዓለም ሁሉ በአደባባይ ለጥፉ አይልም። የሬድ ሃትን ሶርስ እንደገና አጠናቅረው ያሠራጩ የነበሩት ሮኪና አልማ ሊኑክስ መንገዳቸውን እንዲቀይሩ ተገደዱ። ዴቢያን ሶርሱን ለማንም ክፍት የሚያደርገው ከፈቃዱ ግዴታ አልፎ በገዛ ቃል ኪዳኑ ነው። ይህን ልዩነት ብዙዎቻችን የተረዳነው ያኔ ነው።

የታርቦልን ዘመን ጥያቄ ውስጥ የከተተው ግን በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጨመቂያ ላይ የተነሳው ጉዳይ ነው። የማይክሮሶፍት ባልደረባ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ሲከታተል፣ በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተተከለ ስውር በር አገኘ። የተተከለበት መንገድ የዚህን ምዕራፍ ልብ የሚነካ ነው። ተንኮሉን የሚያስነሳው የማጠናቀሪያ ስክሪፕት በወጣው ታርቦል ውስጥ ብቻ ነበር፤ የኮዱ ለውጦች የሚመዘገቡበትና ሁሉም የሚያየው የጊት ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ዲስትሪቢውሽኖች ያልነኩት፣ አሻራው የገጠመ፣ በደራሲው ፊርማ የጸደቀ ታርቦል መርዝ ይዞ መጣ። ኦሪጉን አለመንካት ማን እንዳወጣው ይመሰክራል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይመሰክርም።

ታዲያ ታርቦሉ ይቅርና ሶርሱ በቀጥታ ከጊት ይምጣ የሚለው ድምፅ በረታ። በዴቢያን ውስጥም አዘጋጁ የጊት ምልክት ላይ ፈርሞ፣ ሰርቨር የሶርስ ፓኬጁን ከዚያ ላይ እንዲያሰናዳ የሚያደርገው ታግ ቱ አፕሎድ የተባለ አገልግሎት በዚያው ዓመት ብርቱ ክርክር ተደርጎበታል። የጊት ማከማቻን እንዳለ ማሠራጨትን የሚያከብደው የፈቃድ ነገር ነው። ጊት የሚይዘው የዛሬውን ኮድ ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ሁሉ ነው። ነፃ ያልሆነ ፋይል ዛሬ ቢሰረዝ በትናንቱ ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማከማቻውን የሚያሠራጭ እሱንም ያሠራጫል። የዴቢያን መሣሪያ «3.0 ጊት» የሚባል የሶርስ ቅርጽ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል፤ ማኅደሩ ግን አይቀበለውም። ከምክንያቶቹ አንዱ የአንድን ፓኬጅ የዐሥራ አምስት ዓመት ታሪክ ፋይል በፋይል መርምሮ ፈቃዱን ሊያረጋግጥ የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው።

የእኔ ምርጫ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ታርቦሉ ይቆይ፤ ሰው በእጁ የሚያስረው ግን አይሁን። ማሽን ከተፈረመበት የጊት ምልክት ላይ ያውጣው፤ መውጣት ያለባቸው ፋይሎች ዝርዝርም በይፋ ይጻፍ። ያን ጊዜ ማንም ተጠራጣሪ ያንኑ ትእዛዝ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ አሻራውን ሊያመሳክር ይችላል። ካልገጠመለት፣ የትኛው ፋይል እንደተለየ በዚያው ቀን ያውቀዋል።